ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ ነበር። ሕዝባችን ከሀብቱ ይልቅ ለፍርድ ምን ያህል ክብር ይሰጥ እንደ ነበረ ከዚህ አነጋገር እንረዳለን። ዛሬ ግን በከተማችን ያለ ፍርድ የምትሄደው ጭብጦ ተቆጥራ አታልቅም።

ባለፈው ወር ለጉዳይ ወደ አንድ ፍርድ ቤት ሄጄ ሳለሁ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የማይበልጥ አንዲት የቤት ሠራተኛ ከበሩ አጠገብ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ቆማ አየሁ። የስምንት ወር ደመወዟን ሳትቀበል ከሠራችበት ቤት ወጥታለች። ጸሐፊው የጽሕፈቱን ዋጋ ሲነግራት ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ቆጠረች፤ አልበቃትም። «ይቅር፤ እግዜር ይፍረደው» ብላ ሄደች። ዳኛ ሳያያት፣ ተከሳሽም ሳይጠራ ነገሩ እዚያው ተዘጋ። ድኻ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ችሎት ሳይደርስ በር ላይ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ሰው በድኻ ደንብ እንዲከስ ፈቅዷል። ነገር ግን ድኽነቱን የሚያስረዳው ድኻው ራሱ ነው። ለዚህም የቀበሌ ወይም የወረዳ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታድር፣ መታወቂያ እንኳ የሌላት ልጅ ማስረጃውን ከወዴት ታመጣለች?

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርም ነገር አለ። የፋብሪካ ሠራተኛ ስለ ደመወዙ ቢከስ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ያደርገዋል። የቤት ሠራተኛዋ ግን የዚህ ተካፋይ አይደለችም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል አገልግሎትን ሥራ ከውስጡ አስወጥቶ ለሌላ ደንብ ትቶታልና። ለእርሷ የቀራት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ደግሞም በወንጀል ተከሳ ጠበቃ ለማቆም አቅም ብታጣና ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምላት ያዛል። እንግዲህ ሰርቃ ብትከሰስ ጠበቃ ታገኝ ይሆናል፤ ላቧን ተሰርቃ ልክሰስ ስትል ግን ብቻዋን ናት!

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! ጣትን ወደ መንግሥት ብቻ መቀሰር ቀላል ነው። ደንቡ ይውጣ፣ የክፍያው ነፃነት ለቤት ሠራተኞችም ይድረስ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ነገር ግን ከመካከላችን በሕፃንነቱ ደብተሩን ተሸክማ ትምህርት ቤት ያደረሰችውን ሠራተኛ የማያስታውስ ስንቱ ነው? ደመወዟን በወሩ ትቀበል እንደ ነበረስ ጠይቀን እናውቃለን?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሕግ ተማሪዎች የሚያገለግሉበት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማእከላችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ይከፈት። የቤት ሠራተኛ ዕረፍት ካገኘች የምታገኘው ያን ቀን ነው፤ ማእከሉ ግን ያን ቀን ዝግ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራው ለሕግ ተማሪዎች ብቻ አይተው። ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የምናውቅ ሁሉ ተራ ገብተን የባለጉዳዮችን ቃል እንስማ፤ በማታውቀው ቋንቋ በደሏን አስተካክላ የምትናገር የለችምና። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን በቤታችን ያለችው ሠራተኛ የተቀጠረችበት ቀንና ደመወዟ የተጻፈበት፣ ምስክር የፈረመበት ውል እንዲኖራት ወላጆቻችንን እንለምን። ያች አንዲት ወረቀት በችሎት ፊት ከብዙ መሐላ ትበልጣለች።

«ተማሪ ችሎት ቆሞ አይከራከር፤ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አንከራከርም። ነገር ግን ያን ቀን ያች ልጅ ያጣችው ተከራካሪ አልነበረም፤ ያጣችው አንድ ገጽ ማመልከቻ የሚጽፍላት ሰው ነበር። ያን ያህሉን መጻፍ ካቃተን፣ በድኻው ግብር የተማርነው ፊደል ለማን ሊሆን ነው?