ጨዋታ በሁለት ትርጉሙ፦ የቤቴል ፕሌይስቴሽን ቤቶችና የ«ክፍል ሁለት» ክርክር

በአማርኛ «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። አንደኛው በሕግ የሚመራ፣ አሸናፊና ተሸናፊ ያለው ውድድር ነው፤ ሁለተኛው ወግ ነው። እንግዳውን «ተጫወት እንጂ» የሚል ባለቤት ኳስ አያቀብለውም፤ እንዲያወጋ ይጋብዘዋል። «ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል» የሚለው ብሂልም የሚናገረው ስለ ወግ ነው። ስለ ቪዲዮ ጌም በሚደረገው ውይይት ግን ቃሉ ግማሽ ትርጉሙን አጥቶ ይገኛል። ወላጆች፣ መምህራንና የወረዳ ኃላፊዎች የሚጠይቁት ስክሪኑ ላይ ስላለው ነው፦ ወጣቱ ስንት ሰዓት ተጫወተ? ጌሙ ጠብ ያስተምራል ወይ? ከትምህርት ያዘናጋል ወይ? ከስክሪኑ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። የሰፈርን የጌም ማኅበረሰብ የሚያቆመው የጌሙ ዓይነት ወይም አዲስነት አይደለም፤ ተራ መጠበቅና ተራ እየተጠበቀ የሚደረግ ክርክር ነው። ይህ ከሆነ ጥናቱም ፖሊሲውም ፊቱን ወደ ወንበሩ ማዞር ይገባዋል።

ከመጨረሻው ፌርማታ ማዶ

ቤቴል በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኝ ሰፈር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር የምሥራቅ-ምዕራብ መስመር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ወደ ቤቴል፣ ወደ አየር ጤና ወይም ወደ ዓለም ባንክ የሚሄድ ሰው ከዚያ ወዲያ በታክሲ ወይም በእግሩ ይቀጥላል። ነባሮቹ ሲኒማ ቤቶች፣ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ በፒያሳ፣ አምባሳደርም በመሀል ከተማ ናቸው፤ ከእነርሱ በኋላ ስም ያወጡት ያደሉት ወደ ቦሌ ነው። በዚህ አሰፋፈር ምክንያት በዳር ሰፈሮች ላደጉ ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያው ሲኒማ ቪዲዮ ቤት ነበር፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች። ፊልሙ የሕንድ ወይም የሆሊውድ ይሆንና በላዩ ላይ የአማርኛ ተርጓሚ ድምፅ ይሰማል። ተርጓሚው የተባለውን ብቻ ሳይሆን ያልተባለውንም ያስረዳል፤ ገጸ ባሕርይውን ይመክራል፤ ተመልካቹን ያስቃል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ወደየቤቱ ሲያስገባ፣ ብዙዎች እንደ አዲስ ነገር የተከራከሩበት ጉዳይ ለቪዲዮ ቤት ደንበኛ እንግዳ አልነበረም።

ፕሌይስቴሽን ቤት የዚህ የቪዲዮ ቤት ወራሽ ነው። ጠባቡ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ከጎን የቆመው ጆተኒ ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፈዋል። ጥርጣሬውም አብሮ ተወርሷል። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደነበር የከተማዋ ታሪክ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው እያንዳንዱ የመዝናኛ ስፍራ፣ ቪዲዮ ቤቱም ከረንቡላ ቤቱም፣ በየዘመኑ ያንኑ ስም በተለያየ ቃል ተሸክሟል። ዛሬ ስለ ጌም ቤት የሚሰማው ወቀሳ ከሞላ ጎደል ያን ጊዜ ስለ ሲኒማ የተባለው ነው። ይህ ማለት ወቀሳው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለስፍራው የተሰጠው ስም ስፍራው የሚሠራውን ሥራ ለማየት እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል።

«ክፍል ሁለት» ለምን ያከራክራል?

ተራ ጠባቂዎች ከሚያነሷቸው ጉዳዮች መካከል የፊልም ተከታይ ክፍሎች ልዩ ቦታ አላቸው፦ ከአንደኛውና ከሁለተኛው የቱ ይበልጣል? እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ተርሚኔተር 2» በብዙ ቲፎዞዎች ዘንድ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ተከታይ ተብሎ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» እ.ኤ.አ. በ2023 አሥረኛ ክፍሉ ላይ ሲደርስ፣ የሰፈር የመኪና እሽቅድምድም መሆኑ ቀርቶ ዓለምን የማዳን ዘመቻ ሆነ የሚል ቅሬታ የሚያቀርብበት አለ፤ ያደገው በዚያ ነው የሚልም አለ። ከሁሉ ይልቅ ገላጭ የሆነው የሕንዱ «ባሁባሊ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል፣ ታማኙ አገልጋይ ጌታውን ሲወጋ አሳይቶ ምክንያቱን ሳይናገር ተዘጋ፤ መልሱ የመጣው በ2017 ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል ፊልሙ የተመልካቹ ንብረት ሆኖ ቆየ፤ ጥያቄውን ያዘለ ሰው ሁሉ የራሱን ክፍል ሁለት በአፉ ይሠራ ነበር። በኢትዮጵያም «ገመና» የተሰኘው የቴሌቪዥን ድራማ በ«ገመና ቁጥር 2» ሲቀጥል ተመልካቹ ተመሳሳይ የማነጻጸር ዕድል አግኝቷል።

እንዲህ ያለው ክርክር ሦስት ሥራዎችን ይሠራል። በመጀመሪያ የጋራ ትዝታን ይጠይቃል፤ ስለ ሁለተኛው ክፍል ለመናገር የመጀመሪያውን ማየት ግድ ነው፤ ያላየው እንዲነገረው ይጠይቃል፣ ያየውም ይተርካል፤ በዚህም ታላቁ ለታናሹ የሰፈሩን ትዝታ ያወርሳል። ሁለተኛ፣ መመዘኛን ያስተምራል፤ «አልወደድኩትም» የሚለው ብቻውን በወንበሩ ላይ አይቆምም፣ ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሪኩ ነው፣ ተዋናዩ ነው ወይስ መጨረሻው? ሦስተኛ፣ ፍርድ የለውም። የኳስ ጌም በደቂቃዎች ውስጥ በውጤት ይዘጋል፤ የፊልሙ ክርክር ግን ነገ ከቆመበት ይቀጥላል። ማኅበር የሚኖረው ደግሞ ነገ የሚቀጥል ጉዳይ ሲኖረው ነው።

ከእነዚህ የሚበልጥ አንድ ነጥብ አለ። በጆይስቲክ የሚበልጠው በክርክር ላይበልጥ ይችላል። ኪሱ ባዶ የሆነ ወጣት መጫወት አይችልም፤ መከራከር ግን ይችላል። ስለዚህ ወንበሩ ገንዘብ ለሌለው፣ ለጀማሪውና ለተሸነፈው የተዘጋጀ መግቢያ በር ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሬይ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ከቤትም ከሥራ ቦታም የተለየ «ሦስተኛ ስፍራ» ሲል የገለጸው፣ ዋና ሥራው ወግ የሆነና ማዕረግ የማይጠየቅበት መገናኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠጅ ቤቱና ጀበና ቡናው ለአዋቂዎች ይህን ይሠራሉ፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ግን ምን ቀረለት?

የተሸነፈ ይከፍላል

የጌሙን ጎን ስንመለከት የክፍል ሁለት ጥያቄ በሌላ መልክ ይመጣል። የ«ፊፋ» ጌም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ሲወጣ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው «ፊፋ 23» ስሙን ጨረሰ፤ ከ2023 ወዲህ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሏል። ይህ ከሠላሳ የማያንስ ተከታይ ክፍል ያለው ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም የጌም ተከታይ የሚመዘነው ከፊልም ተከታይ በተቃራኒ ነው። የፊልም ቲፎዞ አዲስ ነገር ይፈልጋል፤ የጌም ተጫዋች ግን እጁ የለመደው እንዳይለወጥበት ይሠጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2013 እንኳ «ፊፋ 14» ተሠርቶለታል፤ አሥራ ሦስት ዓመት ለአንድ ማጫወቻ ረጅም ዕድሜ ነው። አሮጌ ማጫወቻ በሰፈር ቤት የሚቆየው ባለቤቱ አዲስ መግዣ በማጣቱ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ ወጣቶች እጅ የተጠራቀመው ችሎታ ራሱ ሀብት ስለሆነ ነው።

የዚህ ቤት ሕግ ያልተጻፈ ቢሆንም ጽኑ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ጆይስቲኩንም ለባለ ተራው ያስረክባል። ሕጉ ለባለቤቱ ገቢን፣ ለተጫዋቾች መለዋወጥን፣ ለተመልካቹ ቲፎዞነትን ያስገኛል። አሸናፊው ሰውን ሁሉ በየተራ እንዲገጥም ስለሚያስገድድ ከየጎጡ የመጡ ልጆች ሳይተዋወቁ አይለያዩም። መብራት ሲጠፋ የዚህ ሥርዓት እውነተኛ መልክ ይገለጣል፤ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ወንበሩ ካልተበተነ፣ በዚያ የቀረው ማኅበረሰቡ ነው።

ንጽጽሩም ይህን ያጠናክራል። በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ1997ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የተስፋፉት «ፒሲ ባንግ» የሚባሉት የኮምፒውተር ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣው «ስታርክራፍት» ጋር ተገናኝተው ለዛሬው የኢ-ስፖርት ሥርዓት መሠረት ሆነዋል። ጌሙ አሜሪካ-ሠራሽ ነበር፤ ኮሪያዊ ያደረገው በየመንደሩ የተከፈተው ክፍል ነው። በአንጻሩ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለ፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን የሚያስሮጥ የሞባይል ጌም ሠርቷል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም በየግል ስልክ የሚጫወቱት ጌም ይዘቱ የቱን ያህል ሀገርኛ ቢሆን በራሱ ወንበር አይፈጥርም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን የገበጣ ዓይነቶች ሲመዘግብ ያገኘው የአጨዋወት ብዛት፣ ሕግ ከአካባቢ አካባቢ በሰዎች መካከል እየተደራደረ እንደሚኖር ያሳያል፤ ድርድሩ ግን ፊት ለፊት መቀመጥን ይጠይቃል።

መቃወሚያዎቹ

በዚህ አስተሳሰብ ላይ የሚነሡ ሦስት መቃወሚያዎች በቁም ነገር መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው የትምህርት ሰዓት ነው፤ በክፍል ውስጥ መሆን የሚገባው ልጅ ወንበሩ ላይ ከተገኘ የወላጅ ቁጣ ተገቢ ነው። ይህ ግን ስለ ሰዓት የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሰዓት ደንብ ነው። ሁለተኛው ቁማር ነው። እዚህ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤትን ከስፖርት ውርርድ ቤት መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ስክሪንና ኳስ አላቸው፤ ነገር ግን በውርርድ ቤት እያንዳንዱ ለብቻው ከድርጅቱ ጋር ይገጥማል፣ በጌም ቤት ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር። የተሸነፈው የሚከፍለው ሁለቱም ለተጫወቱበት ሰዓት ነው፤ ይህ ወደ ገንዘብ መያዣ በተለወጠ ዕለት ቤቱ ባሕርይውን ይለውጣል፣ መከላከያም አይገባውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፦ ወንበሩ የወንዶች ነው። «ለሁሉ ክፍት ነው» የተባለው በር ለሰፈሩ ሴት ልጆች በተግባር ዝግ ነው፤ በሩን የሚዘጋው ሕግ ሳይሆን ዓይን ነው። ዳንኤል ሜይንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥናቱ የጅማ ሥራ አጥ ወጣቶች ፊልም በማየትና በወግ የተትረፈረፈ ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚሞሉ አሳይቷል፤ የጥናቱ ትኩረት ወጣት ወንዶች መሆናቸው በራሱ ይናገራል። ሴት ልጅ በቤት ሥራ ተይዛ የተትረፈረፈ ጊዜ ራሱ ላይኖራት ይችላል። ስለ ጌም ማኅበረሰብ መልካም የሚናገር ሁሉ ይህን ጉድለት እንደ ግርጌ ማስታወሻ ማለፍ አይችልም።

ከወንበሩ ምን ይማሯል?

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው ለአስተዳደር ነው። በየክፍለ ከተማው ያሉ የወጣት ማዕከላት የጠባቡን ክፍል ሥርዓት ሊውሱ ይችላሉ፦ ተራ ያለው ጨዋታ፣ ረጅም ወንበር፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የተወሰነ ጊዜ፣ ለሴት ልጆች የተጠበቀ ሰዓት፣ አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል በተከታታይ ታይቶ ክርክር የሚከፈትበት የፊልም ምሽት። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቤቴል ውስጥ አሮጌ ማጫወቻ የሠራውን በሕዝብ አዳራሽ መድገም ነው። ያለዚህ ቤቶቹን ማሸግ ብቻ የሚያስከትለው ውጤት ልጁ ወደ ውርርድ ቤቱ ወይም ወደ ስልኩ ብቸኝነት መሄዱ ነው።

ሁለተኛው ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ነው። ስለ ኢትዮጵያ ፊልም «ሲኔ-ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል፤ የቪዲዮ ቤት ተርጓሚዎች የአማርኛ ጥበብ፣ የፕሌይስቴሽን ቤት ያልተጻፈ ሕግ፣ የወንበሩ የክርክር ቋንቋ ግን እያንዳንዳቸው ለአንድ የማስተርስ ጥናት ይበቃሉ። ለቋንቋ ክፍሉ የቃል ትርጉም ነው፤ ለሶሲዮሎጂው ተቋም ነው፤ ለሕግ ክፍሉ ልማዳዊ ደንብ ነው። ሥራው የሚቸኩልበት ምክንያትም አለ። ከተማዋ በፍጥነት እየፈረሰች ትሠራለች፤ መንገድ ዳር ያለው ጠባብ ክፍል ቀድሞ ከሚነሣው መካከል ነው፤ ስልኩም ተጫዋቹን ከወንበሩ እያስነሣው ነው። ማጫወቻው ከገበያ ቢጠፋ ሌላ ይተካል። ተራውን ጠብቆ የሚከራከር ሰፈር ከተበተነ ግን ክፍል ሁለት ላይኖረው ይችላል።