ኮሩን ሳትቆጥሩ ሰርቨር አትግዙ

በካርቱም ሳጃና ሰፈር አብረን የኖርን፣ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ የሰርቨር ክፍል ቁልፍ የያዛችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ የተነሣው በ2017 ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት የአሜሪካ ኩባንያ ያለ ልዩ ፈቃድ ለካርቱም የዳታቤዝ ሶፍትዌር መሸጥ አይችልም ነበር፤ የፈቃድ ክፍያ የሚጠይቀንም አልነበረም። ስለዚህ ሙያውን የተማርነው የማሽኑን ዋጋ ብቻ እያሰላን ነው። ሥራው ሲዘገይ ትልቅ ሰርቨር ፈልገን ዳታቤዙን እናዛውራለን፤ በዚያው ያበቃል። የሱዳኑ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲበትነን በመተማ በኩል የወጣነው ይህንኑ ልማድ ይዘን ነው። አሁን ባለንበት ግን ጠያቂ አለብን።

ሒሳቡን ተመልከቱ። ኦራክል የዳታቤዙን ኢንተርፕራይዝ እትም ፈቃድ በፕሮሰሰር ሲሸጥ የሚያሰላው በኮር ነው። የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ኮር ብዛት በ0.5 ይባዛል፤ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ ፈቃድ ይፋ ዋጋው 47,500 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ ደግሞ የዚህ 22 በመቶ ለድጋፍ ይከፈላል። ሁለት ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ሰርቨር 8 ፈቃድ፣ ማለትም 380,000 ዶላር ይጠይቃል። እሱን አንሥታችሁ ሁለት ባለ 32 ኮር ብታስገቡ 32 ፈቃድ፣ 1,520,000 ዶላር ይሆናል። የዓመት ድጋፉ ብቻ 334,400 ዶላር ነው። ተጠቃሚው ያው፣ መረጃውም ያው ነው። ቅናሽ መኖሩን አውቃለሁ፤ ቅናሽ የሚገኘው ግን ሳይገዙ ሲደራደሩ ነው። ኩባንያው በ45 ቀን ማስታወቂያ የመመርመር መብት አለው፤ መርማሪው ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ምን አቅም ይኖራችኋል?

አገር ቤት ላለነው ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር አልፏል። ያንኑ ፈቃድ በብር ከእጥፍ በላይ እንከፍላለን።

የኦራክል «ስታንዳርድ እትም ሁለት» የሚቆጠረው በሶኬት ስለሆነ ይረክሳል። ነገር ግን ከ2 ሶኬት በላይ መያዝ በሚችል ሰርቨር ላይ መጫን አይፈቀድም፤ አራት ሶኬት ያለው ሰርቨር ሁለቱ ባዶ ቢሆኑም ከደንቡ ውጭ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ከሁሉ የምፈራላችሁ «በቪኤምዌር ለዳታቤዙ 4 ኮር ብቻ መድበናል» የምትሉትን ነው። ኦራክል ይህን ክፍፍል አይቀበልም። ዳታቤዙ ሊዛወርባቸው የሚችሉትን ሰርቨሮች ኮር በሙሉ ልቁጠር ይላል። በዚያ ስብስብ ላይ አንድ አዲስ ሰርቨር ስትጨምሩ፣ ዳታቤዙ አንድ ቀን እንኳ ባይነካው፣ ዕዳው ይጨምራል። ማይክሮሶፍትም ቢሆን ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2012 ጀምሮ የኢንተርፕራይዝ እትሙን የሚሸጠው በኮር ነው።

ለዳታቤዝ ኮሩ ጥቂት፣ ፍጥነቱ ከፍተኛ የሆነ ፕሮሰሰር ምረጡ። የኤኤምዲ ኤፒክ 9654 96 ኮር አለው፤ 9174ኤፍ ግን 16 ብቻ፣ መነሻ ፍጥነቱም 4.1 ጊጋኸርዝ ነው። ሻጭ በኮር ብዛት ሲያባብላችሁ እሺ አትበሉ። ጨረታው ወጥቶ ከሆነም ውሉ ሳይፈረም አስቁሙት፤ የኮሩን ቁጥርና የፈቃዱን ዋጋ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለፋይናንስ ኃላፊው በእጁ ስጡት፤ አስፈርሙትም።