ታሪክም አልጋ ይፈልጋል

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና አስፈልታችሁ ብታነቡት ይሻላል፤ ነገሩ ራሱ የቡና ነውና። የቡና፣ የመንገድና የአልጋ።

ስለ ሁለት ከተሞች ልንገራችሁ። ሁለቱም ተራራማ ናቸው፣ ሁለቱም ብርድና ጉም ያውቃሉ፣ ሁለቱንም ደግሞ አንድ የቡና ዘር ያዛምዳቸዋል። አንደኛዋ የኛዋ ማጂ ናት። ሁለተኛዋ ቦኬቴ ትባላለች፤ ፓናማ ውስጥ፣ ባሩ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ።

ቦኬቴ ላይ ፓናሞንቴ የሚባል ሆቴል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ስሙ ሲጠራ የኖረ ነው። በዚያ በኩል በመኪና የሚያልፍ ሰው ሌላ ጉዳይ ባይኖረው እንኳን "እስቲ እዚያ አንድ ሌሊት ልደር" ብሎ ይቆማል። ካደረ ጠዋት ቡና ይጠጣል። ቡናውን ሲጠጣ ስሙን ይጠይቃል። ስሙ ምን መሰላችሁ? ጌሻ!

አዎ፣ የኛው ጌሻ። ፈረንጆቹ ሲጽፉት አጣመውት ከጃፓን ጌይሻዎች ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው፤ ግን የኛው ነው። እንዴት እዚያ ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በ1936፣ ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሪቻርድ ዌሊ የሚባል ካፒቴን ነው። ይህ ሰው ጌሻ ከሚባለው አካባቢ የቡና ፍሬ አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ኪታሌ ላይ ተዘራ። ከዚያ ወደ ታንጋኒካ፣ ወደ ዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። የተፈለገው ለጣዕሙ አልነበረም። የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለውን በሽታ ይቋቋማል ተብሎ ነው። ገበሬዎቹም ብዙ አልወደዱትም፤ ምርቱ ትንሽ ነው፣ ቅርንጫፉም ቶሎ ይሰበራል። ከሌላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ፣ ማንም ልብ ሳይለው ብዙ ዓመት ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ2004 አሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የሚባል የቦኬቴ እርሻ ይህን ቡና ለብቻው አውጥቶ ለውድድር አቀረበው። አሸነፈ። በጨረታው አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቡና፣ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ በጊዜው ጉድ የተባለ ዋጋ ነበር። በ2019 በዚያው በፓናማ ጨረታ አንድ ፓውንድ ጌሻ 1,029 ዶላር አወጣ። የስንት ወር የመምህር ደመወዝ እንደሆነ እናንተው አስሉት፤ እኔ ማስላቱን ትቼዋለሁ።

ዘሩ በትክክል ከየትኛው ጫካ ተለቀመ በሚለው ላይ ክርክር አለ። ከፋ ዞን ውስጥ ጌሻ የሚባል ወረዳ አለ፤ በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ደግሞ ጎሪ ጌሻ የሚባል ጫካ አለ። ክርክሩን ለባለሙያዎቹ እንተወው። የላከው ቆንስል መቀመጫ ግን ማጂ ነበር።

እኔን ቅር የሚለኝ ዘሩ መሄዱ አይደለም። ዘር ይሄዳል። በቆሎም፣ ድንችም፣ በርበሬም ከሌላ አህጉር መጥተው ነው የኛን ገበታ የሞሉት። ቅር የሚለኝ ታሪኩም አብሮ መሄዱ ነው። ቦኬቴ የሚያድር እንግዳ ስለ ጌሻ ቡና ይነገረዋል። ማጂ የሚያድር እንግዳ ስለ ጌሻ ቡና ማን ይነግረዋል? ቀድሞ ነገር፣ ማጂ የሚያድረው ስንቱ ነው?

ማጂን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በጅማ፣ በቦንጋ አድርጋችሁ ሚዛን አማን ለመድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛላችሁ። ብዙ ሰው ጉዞውን እዚያ ይጨርሳል። ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ፣ የከፋና የሸካ ደኖች በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፣ ሚዛን አጠገብ በበቃ ትልቁ የቡና እርሻ አለ። ጎብኚ ይህን ያይና ይመለሳል። ማጂ ከዚያ ወዲያ ናት፤ በጀሙ፣ በቱም አድርጎ፣ ከቆላው ወደ ተራራው የሚወጣ መንገድ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የዲዚዎች አገር። ከሥሯ ቆላው ተዘርግቶ እስከ ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ይዘልቃል።

ይህች ከተማ በአንድ ወቅት የመንግሥታት ዓይን ያረፈባት ነበረች። እንግሊዞች ቆንስላ የከፈቱባት አየሯ ስለተስማማቸው ብቻ አልነበረም። የያኔዎቹ የእንግሊዝ ግዛቶች ኬንያና ሱዳን የሚዋሰኑበት፣ የዝሆን ጥርስና ጠመንጃ የሚተላለፍበት አካባቢ ስለሆነ ነው። ከዌሊ በፊት እዚያ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አንበሳ አደንና ጉዞው መጽሐፍ አሳትሟል። ሰውየው በኋላ የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ገዢ እስከመሆን ደርሷል። በ1950ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ቤተሰቦች ማጂ ኖረዋል። እዚያ ካደጉት ልጆች አንዷ ጄን ከርትዝ ዛሬ የታወቀች የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ናት፤ እህቷ ካሮላይንም የልጅነት ትዝታዋን በመጽሐፍ አውጥታለች።

ዛሬስ? በጃንሆይ ዘመን ማጂ የሚባል አውራጃ ነበር። በኋላ ቤንች ማጂ የሚባል ዞን መጣ። ዞኑ ለሁለት ሲከፈል አንዱ ቤንች ሸኮ፣ ሌላው ምዕራብ ኦሞ ተባለ። የምዕራብ ኦሞ ዋና ከተማ ጀሙ ነው። ማጂ ከዞን ስምም ወጣች ማለት ነው። የማንንም ውሳኔ ለመውቀስ አይደለም፤ አስተዳደር የራሱ ምክንያት አለው። ግን አንድ ከተማ የቢሮ መቀመጫነቱን ሲያጣ ለስብሰባ የሚመጣው ሰው ይቀራል፣ ሰው ሲቀር ምግብ ቤቱም አልጋ ቤቱም ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ መንገዱን የሚጠይቅለት ሰው ይጠፋል። በኋላ የሚቀረው ስም ብቻ ነው፤ ስሙም እንዳያችሁት ይሄዳል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ማጂ አንድ ታሪክ የሚነገርበት ማረፊያ ያስፈልጋታል።

አልጋ ቤት አይጠፋም፤ እሱን አይደለም የምለው። ከተማዋ የምትታወቅበት፣ "እዚያማ ሳላድር አላልፍም" የሚባልለት ቤት ነው የምለው። አዲስ አበባ ላይ ጣይቱ ሆቴልን አስቡት። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ስንቱ ሰው ነው እንደ ዘመዱ ቤት ያዘነለት! ብዙዎቹ አንድም ቀን አድረውበት አያውቁም። ያዘኑት ለአልጋው አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱ ስላቋቋሙት፣ የፒያሳ ትዝታ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከአስር የመማሪያ መጽሐፍ በላይ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ሰው ደረጃውን እየረገጠ፣ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ ነው የሚማረው።

"ውድ ሎጅ ይሠራልን" እያልኩም አይደለም። በክልላችን ሐላላ ኬላ ሪዞርት አለ፣ ጨበራ ጩርጩራ ላይ የዝሆን ዳና ሎጅ አለ። የሚያኮሩ ናቸው። ግን የኔ ቢጤ መምህር አንድ ሌሊት ላድርባቸው ቢል ወሩን በብድር መጨረሱ ነው። እኔ የምለው ስድስት ክፍል ያላት፣ በአካባቢው እንጨትና ጭቃ የተሠራች፣ ንጹሕ አንሶላና ሙቅ ውሃ ያላት ቤት ናት። ሾፌሩም፣ የጤና ባለሙያዋም፣ ፈረንጁም የሚያድርባት። የከተማው ወጣቶችና እናቶች በማኅበር ተደራጅተው የሚያስተዳድሯት። ጠዋት የአካባቢው ቡና ተቆልቶ የሚቀርብባት፣ ግድግዳዋ ላይ የጌሻ ዘር ከማጂ እስከ ቦኬቴ የሄደበት ካርታ የተሰቀለባት።

አሁን ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው፦ "መምህር፣ መንገድ ሳይኖር፣ መብራት ሲጠፋ፣ ፀጥታው ሳይረጋጋ ምን ሆቴል?" የሚል ነው። ትክክል ነው። ያለ ሰላም ማንም አያድርም፤ ያለ መንገድ ማንም አይደርስም። ግን መንገዱ ይለቅና ሆቴሉ ይደርሳል ብለን ስንጠብቅ የሚሆነውን ስንት ቦታ አይተናል? መንገዱ ሲስተካከል መኪናው ይፈጥናል፣ ተጓዡ ሳይቆም ያልፋል፣ ከተማዋ አቧራውን ብቻ ትቀበላለች። የሚያቆመው ነገር ያለው ከተማ ግን መንገዱ በተሻሻለ ቁጥር ይጠቀማል። ስለዚህ ሁለቱ ተከታትለው ሳይሆን አብረው መታሰብ አለባቸው። ደግሞ ሆቴሏ ባትሠራ እንኳን ታሪኩን መሰብሰብ መብራት አይጠብቅም። ሽማግሌዎቹ ግን አይቆዩልንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብደኛል፦ "ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የማን ታሪክ ነው?"

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። የቆንስሉን ፎቶ ከገደለው አንበሳ ጋር ሰቅሎ "ታሪካዊ" ማለት ቀላል ነው። ዓለም ላይ ብዙ ታሪካዊ ሆቴሎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ያደረውን ባለሥልጣን ይሰቅላሉ፣ ውሃ የቀዳውን ይረሳሉ። ማጂ ላይ ይህ ከመርሳትም በላይ ይሆናል። ቆንስሎቹ እዚያ በነበሩበት ዘመን የዲዚና የጎረቤቶቹ አገር በባሪያ ፍንገላ ይታመስ ነበር። ፒተር ጋረትሰን የተባለ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ ጥናቱ የማጂን የዝሆን ጥርስ፣ የባሪያና የጠመንጃ ንግድ እርስ በርሱ የሚመጋገብ ክፉ አዙሪት ብሎ ገልጾታል። ጠመንጃው ዝሆኑንም ሰውንም ያሳድዳል፣ የዝሆን ጥርሱና ሰው ይሸጣል፣ በተሸጠው ሌላ ጠመንጃ ይገዛል። ዝሆኑም ሰውም ተመናመነ። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን አንዱ ትልቁ ጥያቄ ባርነት ነበር። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም እኮ! የአያቶቻችን ዕድሜ ነው።

እንግዲህ እኔ የምመኘው ቤት ይህን የማይሸፍን ነው። የጌሻን ዘር ካርታ ሰቅሎ፣ ከጎኑ ሰዎች እየታሰሩ የተነዱበትን መንገድ ካርታም የሚሰቅል። ያ የቡና ፍሬ በማን እጅ እንደተለቀመ ስማቸው አልተጻፈም፤ የላከው ሰው ስም ነው የተጻፈው። ቢያንስ አንድ ግድግዳ ለነሱ ይተውላቸው። የዲዚ ባላባቶች ሥርዓት፣ ቋንቋው፣ ከሸኮና ከናይ ቋንቋ ጋር ያለው ዝምድና፣ የእንሰቱ አሠራር፣ ይህ ሁሉ እዚያ ይነገር። የሚናገሩት ደግሞ የአገሩ ሰዎች ይሁኑ፤ ለተናገሩበትም ይከፈላቸው። "አባባ ይጫወቱልን" ብሎ በነፃ አስወርቶ መሄድ ይብቃ።

ክፉ ታሪክ እንግዳ ያባርራል የምትሉ ካላችሁ ሴኔጋልን ተመልከቱ። ጎሬ ደሴት ላይ ያለው የባሮች ቤት ከዓለም ዙሪያ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው። ሰው ለመደሰት ብቻ አይጓዝም፤ ለማወቅና ለማዘንም ይጓዛል። ሀዘኑን በክብር የሚያስተናግድ ባለቤት ግን ያስፈልጋል።

ተማሪዎቼ፣ ይህን ወደ እናንተ የማመጣው በምክንያት ነው። ዛሬ አንዳንዶቻችሁ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ጅማ፣ አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ናችሁ፣ ውጭ የወጣችሁም አላችሁ። ከዚህ አካባቢ ነኝ ስትሉ "ወዴት ነው እሱ?" እንደምትባሉ አውቃለሁ። መልሳችሁ ምንድን ነው? "ሩቅ ነው" ብቻ ከሆነ እኛ መምህራን ያጎደልነው ነገር አለ። ቡና ከከፋ ተነሳ ብለን እናስተምራለን፤ ጥሩ። ግን ከዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች የአንዱ ዘር በማጂ ቆንስል እጅ እንደወጣ የሚያውቀው ስንቱ ተማሪ ነው?

ከእናንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ፣ ይኸው ርዕስ። አካውንቲንግ የተማራችሁ፣ ስድስት ክፍል ያላት የማኅበር ማረፊያ ስንት ትፈጃለች፣ በስንት ዓመት ትመልሳለች የሚለውን አስሉልን። አገር ቤት ለበዓል የምትገቡ፣ ስልካችሁን ለዳንስ ቪዲዮ ብቻ አታውጡት፤ አያቶቻችሁን አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ቤት ውስጥ የድሮ ፎቶ ያለ እንደሆነ ጀርባው ላይ የማን እንደሆነ ጻፉበት፤ ስም የሌለው ፎቶ የማንም አይደለምና። ከተማ አስተዳደር ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ አሮጌ ቤት ለማፍረስ ወረቀት ሲመጣላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት "ይህ ቤት የማን ነበር?" ብላችሁ አንድ ሽማግሌ ጠይቁ። አንድ ጥያቄ ናት፤ ቀኑን አታስመሽም።

የማጂ ልጆች፣ የቱም፣ የጀሙ፣ የሚዛን ልጆች፣ የሰማችሁትን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። ስለ ቆንስላው፣ ስለ ቡናው፣ ስለዚያ ክፉ ዘመን አያቶቻችሁ የነገሯችሁ ካለ አንድም ዓረፍተ ነገር ቢሆን ጻፉ። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ። እኔ እየሰበሰብኩ በደብተር አኖረዋለሁ። ቤቷ ስትሠራ ግድግዳዋ ባዶ እንዳይሆን።