ነህው የቀራ ልጅ የእንግሊዝኛ ፈተናን ለምን ይፈራል?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣን ተማሪዎች ይህን ቁጥር ስናይ የሰፈራችን ልጆች ይታወሱናል። ብዙዎቹ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማሩና 9ኛ ላይ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በአንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። እንግሊዝኛ ለእነሱ አንድ የፈተና ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹም ወረቀቶች በር ነው።

ዝግጅቱ ግን ባብዛኛው ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው መሸምደድ ነው። ጥያቄው አንድ ቃል ሲቀየር ሽምደዳው ይከዳል።

እኛ የምንለው፣ መድረሳ የቀራ ልጅ መሣሪያው በእጁ አለ ነው። «ዘ ሊስት ኦፍ ቡክስ» ካለ በኋላ «ኢዝ» ይመጣል ወይስ «አር»? ቅርቡን ቃል «ቡክስ»ን ያየ «አር» ብሎ ይስታል። ሙዳፍንና ሙዳፍ ኢለይህን መለየት የለመደ ግን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት «ሊስት» መሆኑን አይቶ «ኢዝ» ይላል። ምንባቡ ላይ «ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ‹ኢት› ምንን ያመለክታል?» የሚለው ጥያቄም ኡስታዙ «ደሚሩ ወደ ማን ይመለሳል?» እያለ ሲጠይቀው የኖረው ነው።

ልዩነቱንም ማሳየት ያስፈልጋል። ዐረብኛ «ዘይዱን ቃኢሙን» ብሎ ያለ ግሥ ሙሉ ሐሳብ ይሰጣል፤ እንግሊዝኛው ያለ «ኢዝ» አይቆምም። በዐረብኛ ግሡ ከቀደመ፣ ባለቤቱ ብዙ ቢሆንም ግሡ በነጠላ ይቀራል፤ በእንግሊዝኛ ግን ግሡ የባለቤቱን ቁጥር ይከተላል። ይህን አንዴ የተረዳ ልጅ መቶ ጥያቄ መሸምደድ አያሻውም።

«ጊዜው አጭር ነው፣ ሕጉን አጥንተው ቢገቡ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ሰዋስዉ ላይ ጥቂት ሊያስኬድ ይችላል። ምንባቡ ግን ፈተናው ላይ አዲስ ሆኖ ይመጣል፤ አይሸመደድም። ማንበብ ያልለመደ ልጅ ደግሞ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል።

ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ወደ ቤት የምንሄድ ሁሉ ከዐስር እስከ መግሪብ በሰፈራችን መድረሳ አንድ ምንባብ ይዘን እንቀመጥ። መልሱን አንንገራቸው፤ «ለምን ይህን መረጥክ? ለምን ይህን መረጥሽ?» እንበላቸው። ኪታብ የቀራነው እንዲሁ መስመር በመስመር ነው። እህቶችም ለሴት ልጆቹ ይህን ቢይዙ የሚቀር አይኖርም። የሚያስፈልገው ጥቂት ፎቶ ኮፒና የእኛ ሁለት ሰዓት ነው።

ከመጪው ጁሙዓ በኋላ ማን ወደ ሰበታ፣ ማን ወደ ቡራዩ፣ ማን ወደ ሱሉልታ እንደሚሄድ ተነጋግረን እንለያይ፣ ኢንሻአላህ።