ቺፑ «የለም» ቢባልም ላፕቶፑን አንጣለው



በእርዳታም ይሁን በዘመድ እጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ደርሶት ዊንዶውስ 11 ሊጭንበት የሞከረ ሰው «ቲፒኤም 2.0 ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ሳያጋጥመው አይቀርም። መልእክቱን ያየ ሁሉ ዕቃው ሞቷል ብሎ ወደ ገዳሪፍ ገበያ ይዞት ቢሄድ በርካሽ ይሸጠዋል እንጂ ሌላ አያተርፍም። እኔ ይህ ችኩል ፍርድ ነው እላለሁ።

ቲፒኤም የሚባለው በማዘርቦርዱ ላይ የተተከለ ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራ የደህንነት ቺፕ ሲሆን ሥራው የምስጢር ቁልፎችን መጠበቅ ነው። ላፕቶፕ ቢሰረቅ ሌባው ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር እንዳያነበው የሚከለክለው ቢትሎከር ቁልፉን የሚያስጠብቀው በዚህ ቺፕ ነው። ማይክሮሶፍት ከጁላይ 28 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ይዘው የሚወጡ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ቲፒኤም 2.0 እንዲኖራቸው አዟል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ላፕቶፕ «የለኝም» ሲል ብዙውን ጊዜ ቺፑ አለ፤ ተዘግቶ ነው እንጂ።

የሚከፈተውም በባዮስ ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ (እንደ ፋብሪካው ይለያያል) ደጋግሞ በመጫን ወደ ባዮስ ገብቶ ሴኩሪቲ የሚለውን ክፍል መፈለግ ነው። ስሙ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ብዙዎችን ያደናግራል፤ ኢንቴል ፒቲቲ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ ሴኩሪቲ ቺፕ ብቻ ብሎ ያልፋል። ኮምፒዩተሩ ሌጋሲ በሚባለው በአሮጌው መንገድ የሚነሳ ከሆነም ቲፒኤም 2.0 በአግባቡ አይሠራም። ቺፑ በርቶ ሳለ ዊንዶውስ ካላየው ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ከቻርጀር ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ አንዳንድ ጊዜ ይፈታዋል። ሰዓትና ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሿ ባትሪ አልቃ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ስታልቅ የባዮስ ምርጫዎች የሚጠፉባቸው ኮምፒዩተሮች አሉ።

ባዮሱን ራሱን ስለማደስ ግን ጥንቃቄ እመክራለሁ። በጄኔሬተር ወይም በሶላር በሚሠራ ቦታ እድሳቱ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ባትሪው ያልሞላ ላፕቶፕ ላይ አይሞከር።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ «ክሊር» የሚለው ምርጫ ነው። ቺፑ አስቸገረ ተብሎ እሱ ከተጫነ በውስጡ ያሉት ቁልፎች ይጠፋሉ። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከነበረ ኮምፒዩተሩ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ከሌለ በውስጡ የነበረው ሁሉ ቀረ ማለት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተከዜን ተሻግረው ሐምዳይት ከገቡት ሰዎች መካከል ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም ያልያዙ ነበሩ። የስምንተኛ ክፍል ውጤቱን ወይም የልደት ማስረጃውን በፎቶግራፍ ብቻ ያስቀረ ሰው ያንን ፎቶግራፍ በአንድ ቁልፍ ሲያጣ ምን ዓይነት ጉዳት እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማብራራት አያስፈልገኝም።

«ቁጥሩ በኢንተርኔት አካውንት ተቀምጧል» የሚል መልስ ይሰጣል። የማን አካውንት? ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ የሰጪው ሊሆን ይችላል። በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው ሱዳን የስልክና የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ደግሞ የራሱ አካውንት ያለውም ሊደርስበት አይችልም ነበር። ስለዚህ ኮምፒዩተር የሚለግሱ ወገኖች ቁልፉን ፈትተው ወይም ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው እንዲያስረክቡን መጠየቅ አለብን። ይህን መጠየቅ ውለታ መርሳት አይደለም።

ቺፑ በእርግጥ የሌለው ወይም አሮጌው 1.2 የሆነ ላፕቶፕም አለ። ቺፑ ተገኝቶም ፕሮሰሰሩ ካረጀ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ በእሱ መቆየትም አያዋጣም። ለእንዲህ ያለው ሊኑክስ ይጫንበት ባይ ነኝ። ቲፒኤም አይጠይቅም፣ በነፃ ይገኛል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ተማሪ ለመጻፍ፣ ለማስላትና ለማንበብ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ቺፑ መሰለያ ነው የሚሉ ወንድሞችም አሉ። ሥጋቱ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ከ20 ዓመት በፊት ኮምፒዩተሩ ከባለቤቱ ይልቅ ለኩባንያዎች እንዲታዘዝ ያደርጋል ሲል ተቃውሞት ነበር። ክርክሩን አልንቀውም፤ ነገር ግን ቺፑ ቁልፍ ይይዛል እንጂ የምንጽፈውን አያነብም። ፍጹም ነው ማለቴም አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የኢንፊኒዮን ኩባንያ ቺፖች ደካማ ቁልፍ ሲፈጥሩ ተገኝተው የኢስቶኒያ ዜጎች መታወቂያ ካርዶች ሳይቀሩ መታደስ ግድ ሆኖባቸዋል።

ትምህርት ቤታችን ላፕቶፕ ሲረከብ በመጀመሪያው ቀን ቢትሎከር መኖሩ ይታይ፣ ቁጥሩም በሁለት ወረቀት ይገልበጥ፤ አንዱ በርዕሰ መምህሩ መዝገብ፣ ሌላው በኮምፒዩተር ክበቡ ኃላፊ እጅ ይሁን። በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ግን አይቀመጥ፤ ቦርሳውን የወሰደ ሌባ ቁልፉንም ይዞ ይሄዳልና።