ሸክላው ስንት ያወጣል?

ቤታችሁ ውስጥ አልጋ ስር ወይም ቁም ሳጥን አናት ላይ አንድ ካርቶን አሮጌ ሸክላ ካለ፣ ይህን ሳታነቡ ለቁራሌው እንዳትሰጡ። ሸክላ ስል የወጥ ድስቱን ወይም ጀበናውን አይደለም፤ ዘፈን የተቀረጸበትን ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ግን ላያውቁት ይችላሉ። የእኔዋ የሰባት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ቀን ስታየው «አያቴ፣ ይሄን ሰሃን መሃሉን ማን በሳው?» ነበር ያለችኝ።

እኔ የምሰበስበው ትንንሾቹን ነው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩትን። ስፋታቸው 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በፊታቸው አንድ ዘፈን፣ በጀርባቸው አንድ ዘፈን፣ አለቀ። ከእነሱ በፊት የነበሩት፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት፣ ከእጅ ካመለጡ እንደ ገል ይሰባበሩ ነበር። የኋለኞቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ስሙ ግን «ሸክላ» እንደተባለ ቀረ።

ትልልቆቹን ለምን እንደማልሰበስብ የሚጠይቁኝ አሉ። ትልቁ ሸክላ ብዙ ዘፈን ስላለው ሰውዬው ለየትኛው ብሎ እንደገዛው አይታወቅም። ትንሿን የገዛ ግን ለአንድ ዘፈን ብሎ ነው ከኪሱ ያወጣው። ያኔ ደግሞ ሸክላ ለልደት፣ ለሠርግ ማግስት፣ ለጭፈራ ከቤት ቤት ይዋሳል። ስለዚህ ባለቤቱ እንዳይጠፋበት መሃሉ ላይ በእስክሪብቶ ስሙን ይጽፍበታል። «ይመለስ» የሚል የተጻፈባቸው አራት አሉኝ። እንዳልተመለሱ እንግዲህ ግልጽ ነው።

የምገዛው መርካቶ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምናለሽ ተራ። ልጆቹ ለምደውኛል። ከተበላሸ ካውያና ከአሮጌ ራዲዮ መሃል አንዱን መዘው «ማዘር፣ ጥላሁን መጥቷል!» ይሉኛል፤ ጥላሁን ከተባልኩ እንደማላልፍ ያውቃሉ። ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቼ ወደ ብርሃን አዘነብለዋለሁ። ላይ ላዩን ያለ ጭረት ትንሽ ያንጫጫል እንጂ ዘፈኑን አይገድለውም። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት ግን መርፌውን ያዘልለዋል። ከዚያ ወደ ዓይኔ ከፍ አድርጌ በጠርዙ በኩል አየዋለሁ፤ ፀሐይ ያጎበጠው ወዲያው ይታወቃል። ሻጩ ይህን ሁሉ ሳደርግ ቆሞ «ማዘር፣ አዲስ እኮ ነው» ይለኛል። 50 ዓመት የሞላው አዲስ!

ከየት እንደመጡ ባጭሩ ላስታውሳችሁ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩትና የሙዚቃ ሱቅ የነበራቸው አቶ አምሃ እሸቴ ይህን ደፍረው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጸው ሕንድ አገር አሳትመው አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄዱ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላ አውጥተዋል። «አሊ ታንጎ» እየተባሉ የሚታወቁት አቶ አሊ አብደላ ካይፋም በበኩላቸው አሳተሙ፣ ፊሊፕስም ነበረ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ሒሩት በቀለ በየቤታችን የገቡት በእነዚህ ሸክላዎች ነው። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ካሴት መጣ። ካሴት ብዙ ዘፈን ይይዛል፣ በቀላሉም ይገለበጣል። ሸክላው አልጋ ስር ገባ። ብዙ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ማብቂያ ላይ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ ፈረንሳዊ እነዚያን ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምሩ ውጭ ያለው ሰው ሰማ። ዛሬ ዋናውን ሸክላ ራሱን የሚፈልግ ገንዘብ ያለው ፈረንጅ ሞልቷል፣ ደላላውም አልጠፋም።

ይህን ያነሳሁት በጎረቤቴ ምክንያት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው ቤቱን ሊያድሱ ዕቃ ሲያወጡ አንድ ካርቶን ሸክላ ተገኘ። አንድ ደላላ አይቶ ለሙሉው 5,000 ብር አለ። እሳቸውም «አንቺ የዚህ ነገር ሰው ነሽና ነይ እይልኝ» ብለው ጠሩኝ።

ቆጠርኩት፤ 61 ናቸው። ከመሃላቸው ዘጠኝ ዓመት የፈለግኳት አንዲት የአምሃ ሸክላ አለች፣ ያውም ምንም ያልነካት። እጄ ላብ አወጣ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «6,000 በያቸውና ውሰጂው፤ ከደላላው አስበለጥሽ እንጂ አላታለልሽ» አለኝ። በገበያ ሕግ ልክ ነው። ምናለሽ ተራ ብሆን እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር፤ እዚያ ሻጩም ገዢውም ለመከራከር ነው የሚመጣው። እነዚህ ሴትዮ ግን ዋጋ ሳይሆን እምነት ነው የሰጡኝ። ዋጋውን እያወቁ ዝም ብሎ መግዛት፣ ለእኔ፣ ስሙ ንግድ አይደለም።

በማግስቱ ሄጄ እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ሦስቱ እንዲህ ንጹሕ ከሆኑ ውጭ አገር እያንዳንዳቸው ከ100 ዶላር በላይ ሊያወጡ ይችላሉ። 20 የሚሆኑት እዚሁ ደህና ብር ያወጣሉ። የቀሩት በጣም ስለተጫረሩ ከዘፈኑ በቀር ዋጋ የላቸውም።»

ትንሽ ዝም ብለው «ሰውዬው ሀብታም ነበር በዪኛ! እኔ የቤት ኪራይ ስለምን፣ እሱ በሀብት ላይ ተኝቶ ነበር» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ግን ዋጋውን ትተው «ይጫወታሉ ግን?» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት ማጫወቻዬን ይዤ ሄድኩ። ልጆቻቸውም ነበሩ። ቡና እየተጠጣ አንድ በአንድ አጫወትን፤ የልጅ ልጆቹ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ሸሹ፣ አልፈርድባቸውም። መሃል ላይ አንድ ለየት ያለ ሸክላ እጄ ገባ። ፊቱ ያብለጨልጫል፣ አንድ ቀን እንኳ የተጫወተ አይመስልም። ጀርባው ግን መርፌ ስለበላው አመድ መስሏል። ፊቱ የጭፈራ ዘፈን ነው፣ ሸክላው የተሸጠውም በእሱ ነው። ጀርባው ስለ እናት ነው። «ይሄን ማን ነው እንዲህ የጨረሰው?» አልኩ።

ሴትዮዋ ሸክላውን ተቀብለው ዳሰሱት። «እናቱ ሲሞቱ ኦጋዴን ዘምቶ ነበር። ፈቃድ ከልክለውት ለቀብር አልደረሰም። እኔ ገበያ ስሄድ ነበር የሚያጫውተው፤ በር ላይ ስደርስ ያጠፋዋል። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ እገባለሁ» አሉ።

ትልቁ ልጃቸው 50 ሊሞላው ነው። «አባባ? እኔ እኮ አባባ ሲያዝን አይቼ አላውቅም» አለ። እናቱ መልስ አልሰጡትም። መርፌውን ጀርባው ላይ አስቀመጥኩት። ግማሹ ጩኸት ነው፣ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል፣ ቢሆንም ቃሉ ይሰማል። እስኪያልቅ ማንም ሲኒ አላነሳም። ደላላው ያንን ሸክላ አይቶ ወደ ጎን ወርውሮት ነበር።

እናንተም ካርቶን ካላችሁ፣ መጀመሪያ ባለቤቱ ወይም ባለቤቷ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ ማን ገዛው፣ የት ተጨፈረበት። መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከሽፋኑ ውስጥ ክተቱ፤ ሸክላው ላይ አትጻፉ። ሸክላዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሩ፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቋቸው። አቧራ ከያዛቸው ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ እጠቧቸው፣ መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት ግን አታርጥቡት። አልኮል ከቤት እንዳታወጡ፣ በተለይ ለጥንቶቹ፤ ያሟሟቸዋል።

ጎረቤቴ ከሦስቱ ውዶች ሁለቱን በአንድ ዘመዳቸው በኩል በደህና ዋጋ ሸጡ፤ የቤቱ ጣራ በእነሱ ነው የታደሰው። ሦስተኛው ላይ የእሳቸው ስም በባለቤታቸው እጅ ተጽፎበት ስለተገኘ ተመልሶ ቁም ሳጥን ገባ። እኔ ዘጠኝ ዓመት የፈለግኳት ከተሸጡት አንዷ ናት። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ። «በነፃ ውሰጂያት» ብለውኝ ነበር፣ ጣራው ሲያፈስ እያየሁ እንዴት ብዬ!

ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጅ ደወለልኝ። የአባቱን ማጫወቻ ከጓዳ አግኝቶታል፣ ይዞራል፣ መርፌው ግን የለም። መርፌ እንደ ማጫወቻው ስለሚለያይ ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነገርኩት። ሐሙስ ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ።