በድሬድኖት ላይ የወጡት «ልዑላን»

በቀላሉ የሚታለልን ሰው እንግሊዝኛ «ገለብል» ይለዋል። ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ያለ ገበያተኛ ደግሞ ተላላ፣ የዋህ ወይም ሞኝ ይለዋል። ይህ ስም ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ባልተማረው፣ ከገጠር በወጣው ላይ ነው። አንድ የእንግሊዞች የራሳቸው ታሪክ ግን ይህን ፍርድ ያፈርሳል።

ጥር 30 ቀን 1902 ዓ.ም. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኩራት በነበረችው ድሬድኖት የጦር መርከብ ላይ «የአቢሲኒያ ልዑላን» በክብር ወጡ። ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተላከ የሚመስል ቴሌግራም ቀድሟቸው ደርሷል። የክብር ዘብ ተሰለፈ። የኢትዮጵያ ባንዲራ ስለታጣ የዛንዚባር ተሰቀለ፤ መዝሙሩም የዛንዚባር ነበር። እንግዶቹ ፊታቸውን በቀለም ያጠቆሩ፣ ጺም የለጠፉ የለንደን ወጣቶች ናቸው፤ አንዷ ኋላ በድርሰቷ የገነነችው ቨርጂኒያ ዎልፍ ናት። አስተርጓሚ ነኝ ያለው ወንድሟ ኤድሪያን የላቲንና የግሪክ ግጥም እያጣመመ ያነበንብ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ቀለሙ እንዳይለቅ ፈርተው አንበላም አሉ። የቨርጂኒያና የኤድሪያን የአክስት ልጅ እዚያው መርከብ ላይ መኮንን ሆኖ ሳለ አልለያቸውም።

መኮንኖቹ ያልተማሩ አልነበሩም፤ አገራቸውም ኢትዮጵያን ታውቃለች። የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ ኖሮ በ1872 ዓ.ም. እዚያው አርፏል። ራስ መኮንን በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ የዘውድ በዓል ለንደን ነበሩ። «ልዑላኑ» መርከቧ ላይ በወጡበት ጥር ወር ዐፄ ምኒልክ ታመው ስለነበር ቤተ መንግሥቱን የያዙት የውቤ የወንድም ልጅ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። «ልዑላን ልከዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ወረቀቱ፣ ልብሱና ጥድፊያው አሳመነ።

ዛሬ ዳባት ያለችን እናት የሚያታልለው ደዋይም መሣሪያው ይኸው ነው፦ «ከባንክ ነው፤ የምሥጢር ቁጥርዎን አሁኑኑ ካልነገሩን ሒሳብዎ ይዘጋል።» የተከበረ ስም ይጠራል፣ ለማሰብ ፋታ ይነሣል።

የተማረውም አላመለጠም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በእነዚህ ካምፖች በጥሩ ሥራ ተስፋ የተወሰዱ ሰዎች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ሌላውን እንዲያታልሉ ይገደዳሉ።

ስለዚህ በተታለለ ሰው መሳቅ ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው። የተሳቀበት አፉን ይዘጋል፤ አጭበርባሪውም በማግሥቱ ጎረቤቱ ጋ ይደውላል። ዕድርና ሰንበቴ ለዚህ ጥሩ መድረክ ናቸው። የደረሰበት ሰው የተደወለበትን ቁጥርና የተባለውን በግልጽ ይናገር፣ ሰሚውም ሳይዘባበት ያዳምጠው፣ ወደ ፖሊስም አብሮት ይሂድ። «ከባንክ ነው» የተባለ ሁሉ ስልኩን ዘግቶ፣ ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ ሠራተኛውን ፊት ለፊት ይጠይቅ።